ከጀርባ የሚቀዳው ውሃ ምን ይናገራል?

ጎንደርም ሆነ ደባርቅ፣ በሽተኛ ይዞ ድንገተኛ ክፍል የገባን አስታማሚ «ከጀርባው ውሃ መውሰድ አለብን» እንደሚለው የሐኪም ቃል የሚያስደነግጠው ጥቂት ነው። ቤተሰቡ ወዲያው ይሰበሰባል፤ አገር ቤት ላለው ታላቅ ወንድም ስልክ ይደወላል፤ «እገሌን እንዲህ አድርገውት ሽባ ሆኖ ቀረ» የሚል ሰውም አይጠፋም። ምክክሩ ሲረዝም ሰዓቱ ይነጉዳል። በሽተኛው ግን ራሱን እየሳተ ነው።

ወዳጆቼ፣ ይህ ፍርሃት ከልብ የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ለሚወደው ወገኑ መስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ስጋቱ ያረፈው ትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም። መርፌዋ በምትገባበት ቦታ የሚበሳ ህብለ ሰረሰር የለም። የምታወጣው ጥቂት ፈሳሽ ደግሞ ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ፣ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ በሽታዎችን ለይቶ የሚያሳይ ነው። ይህን የተረዳ ቤተሰብ «እሺ» ለማለት ሰዓታት አይፈጅበትም።

ውሃው ከየት ይመጣል?

አንጎላችንና ህብለ ሰረሰራችን የሚኖሩት ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ ነው። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ ያለው የዚህ ፈሳሽ መጠን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንጎል ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ያለማቋረጥ ይመነጫል፤ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ከብቦ ይዘዋወራል፤ ከዚያም ወደ ደም ተመልሶ ይገባል። በቀን የሚመነጨው 500 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ ሰውነት ይህን ውሃ በየዕለቱ ሦስት ጊዜ ያህል ይለውጠዋል ማለት ነው። «ውሃው ተቀድቶ ካለቀስ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ላይ ነው። ለምርመራ 10 ሚሊ ሊትር ቢወሰድ፣ ሰውነት በግማሽ ሰዓት ገደማ ይተካዋል።

ፈሳሹ የሚዘዋወረው አንጎልን በሸፈኑት ስስ ሽፋኖች መካከል ነው። ማጅራት ገትር የእነዚህ ሽፋኖች ብግነት ነው። ተህዋሲው ያለው ውሃው ውስጥ፣ ሰውነት የላካቸው ተዋጊ ሕዋሳትም ውሃው ውስጥ ናቸው። በክንድ ደም ምርመራ ይህ ሁሉ በቀጥታ አይታይም። ደም ውስጥ የሌለ ጀርም ጀርባ ውሃው ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ውሃ በመርፌ የመቅዳትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1891 ለሐኪሞች ያስተዋወቀው በጀርመኗ ኪል ከተማ ይሠራ የነበረው ሃይንሪሽ ኲንከ ነው። መጀመሪያ ያሰበው አንጎላቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ የሚሰቃዩ ሕፃናትን ግፊት ለመቀነስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ፈሳሹ ራሱ የበሽታውን ማንነት እንደሚያሳይ ታወቀ። ዛሬም በመላው ዓለም የሚሠራበት መንገድ ከኲንከ ዘዴ ብዙ የራቀ አይደለም።

መርፌዋ የት ትገባለች?

ብዙ ሰው ህብለ ሰረሰር ከአንገት ጀምሮ እስከ መቀመጫ ድረስ የሚዘልቅ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። የወገባችን አከርካሪ አጥንቶች 5 ናቸው። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌዋ የምትገባው ደግሞ ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። ሐኪሙ ቦታውን በግምት አይመርጥም። የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች ጫፍ በእጁ ዳስሶ በመካከላቸው መስመር ያሰምራል፤ መስመሩ አራተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያርፋል። በሕፃናት ህብለ ሰረሰሩ ትንሽ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ለእነሱ ከታችኞቹ ክፍተቶች አንዱ ይመረጣል።

ታዲያ እዚያ ቦታ ውሃው ውስጥ ምን አለ? ወደ እግር የሚወርዱ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አሉ። ቄስ ወይም ሽማግሌ የሚይዘውን የፈረስ ጭራ በውሃ ውስጥ እንዳንጠለጠላችሁት አስቡት። በጭራው መካከል መርፌ ብትሰዱ ፀጉሩ ወደ ጎን ገለል ይላል እንጂ አይበጠስም። ነርቮቹም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ክር በመርፌዋ ቢነካ ታማሚው በአንድ እግሩ ላይ ለቅጽበት ንዝረት ይሰማዋል፤ ሐኪሙም መርፌዋን መልሶ ያስተካክላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በኦፕራሲዮን የወለዱ እህቶቻችሁን ጠይቁ። ብዙዎቹ ከወገባቸው ላይ «ስፓይናል» የሚባለውን የማደንዘዣ መርፌ ወስደዋል። ያ መርፌ የሚገባው በዚሁ ክፍተት፣ ወደዚሁ ውሃ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1898 በዚያችው ኪል ከተማ ያስጀመረው ኦገስት ቢር የተባለ ቀዶ ሐኪም ነበር። እናቶች ይህን መርፌ ወስደው፣ ልጃቸውን ታቅፈው፣ በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

«ሽባ ሆነ» የሚለው ወሬ ታዲያ ከየት መጣ? ይህ ምርመራ የሚታዘዘው አንጎሉ ወይም ነርቩ ተጎድቷል ተብሎ ለሚሰጋለት፣ በጠና ለታመመ ሰው ነው። ማጅራት ገትር ራሱ ሽባ ያደርጋል፣ ያደነቁራል፣ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከሚያዙ 6 ሰዎች አንዱ ይሞታል፤ ከ5ቱ አንዱ ደግሞ ከባድ ጉዳት ይተርፈዋል። በሽታው ያደረሰውን ጉዳት ሰው ዓይኑ ላይ ለቀረችው መርፌ ይሰጣታል። ቤተሰብ ሲያመነታ ቆይቶ በመጨረሻው ሰዓት ሲፈቅድ ደግሞ ሞቱ መርፌዋን ተከትሎ የመጣ ይመስላል፤ ወሬውም ይጠነክራል።

አልጋው ላይ የሚሆነው

ታማሚው በጎኑ ይተኛል፤ ጉልበቱን ወደ ሆዱ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። አንዳንዴም ተቀምጦ ወደ ፊት ይጎነበሳል። ጀርባው ሲታጠፍ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ስለዚህ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ የሚይዘውና የሚያጽናናው ሰው ትልቅ ሥራ እየሠራ ነው። ቆዳው በፀረ ተህዋሲ ይጸዳል፤ የማደንዘዣ መርፌ ይሰጣል፤ ከዚያ ቀጭኗ መርፌ በዝግታ ትገባለች። ውሃው በሲሪንጅ አይሳብም። በራሱ ጊዜ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ትንንሽ ብልቃጦች ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የተለመደ ችግር ራስ ምታት ነው። ሲቀመጡ ይብሳል፣ ሲተኙ ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜም በቀናት ውስጥ ይለቃል። የመርፌው ዓይነት ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንዳሳየው፣ በተለመደው ስለታም መርፌ ከ100 ሰዎች 11 ያህሉ ራስ ምታት ሲይዛቸው፣ ጫፉ ባልሰላው ዓይነት ግን 4 ያህሉን ብቻ ይዟል። ለረጅም ሰዓት በጀርባ መተኛት ራስ ምታቱን እንደማይከላከልም ተረጋግጧል።

ላቦራቶሪው የሚያነበው

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ያለው ነው። ከጥቂት ጠብታ ምን ያህል ነገር እንደሚነበብ ተመልከቱ።

መጀመሪያ መልኩ ይታያል። ጤናማ ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ከደፈረሰ፣ ሐኪሙ ማይክሮስኮፕ ሳይጠብቅ የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ብሎ ይጠረጥራል። ቀጥሎ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቆጠራሉ። በጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ ከ5 አይበልጡም፤ በባክቴሪያ ጊዜ ግን ከ1,000 በላይ ሊደርሱ ይችላሉ። ዓይነታቸውም ይናገራል። ባክቴሪያ ሲሆን ኒውትሮፊል የሚባሉት ይበዛሉ፤ ቫይረስ፣ ቲቢ ወይም ፈንገስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሊምፎሳይቶች ይበዛሉ።

ሦስተኛው ስኳሩ ነው። በጀርባ ውሃ ውስጥ ያለው ስኳር ደም ውስጥ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። በባክቴሪያና በቲቢ ጊዜ በጣም ይወርዳል፤ በቫይረስ ጊዜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆያል። ለዚህ ነው ሐኪሙ በዚያው ሰዓት የደም ስኳርም የሚለካው፤ ሁለቱ ካልተነጻጸሩ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። አራተኛው ፕሮቲን ነው፤ በጤናማ ሰው በዴሲ ሊትር ከ15 እስከ 45 ሚሊ ግራም ነው፤ በቲቢ ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል።

በመጨረሻ ተህዋሲው ራሱ ይፈለጋል። በግራም ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በካልቸር እንዲያድግ ይደረጋል። ቲቢ ከተጠረጠረ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያ የተህዋሲውን ዘረ መል በሰዓታት ውስጥ ይፈልጋል። ኤች አይ ቪ በደሙ ባለበት ሰው ደግሞ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ በጥቁር ቀለም ወይም በፈጣን መመርመሪያ ይታያል።

ናሙናው ስሱ ነው። ነጭ ሕዋሳቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሊፈርሱ ይችላሉ። ለካልቸር የተወሰደው ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም፤ ማጅራት ገትር አምጪው ሜኒንጎኮከስ ብርድ አይችልም። እንደ ደባርቅና ዳባት ባለ የደጋ ብርድ ይህን ማወቅ ዋጋ አለው። ብልቃጡ የወጣው ሌሊት ከሆነ «ጠዋት ይደርሳል» አይባልም።

ለምን ጎንደር ላይ በተለይ?

አገራችንን እናውቃታለን። ከስሜን ተራራ ሥር ከጃናሞራና ከበየዳ ወጣቱ በክረምት ማብቂያ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ለሰሊጥ ሥራ ይወርዳል። በጠባብ መጠለያ ተጨናንቆ ያድራል፤ ሲመለስ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ይመጣል። ወባ ሊሆን ይችላል። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ተስቦ ሊሆን ይችላል። ቲቢ ወይም ማጅራት ገትርም ሊሆን ይችላል። ሁሉም ትኩሳት አላቸው፤ ሁሉም አንጎልን ሊያናውጡ ይችላሉ።

ወባ ደም ውስጥ ተገኘ ማለት ደግሞ ማጅራት ገትር የለም ማለት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። የአንገት መገተርም ቢሆን ሁልጊዜ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ማጅራት ገትር የተጠረጠረባቸው 297 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በሽታው ከተገኘባቸው 10 ሰዎች በ3ቱ ብቻ የአንገት መገተር እንደታየ አሳይቷል። ጨቅላ ሕፃናት ጭራሽ አንገታቸው ላይገተር ይችላል፤ ጡት እምቢ ማለት፣ መልፈስፈስ፣ እርግብግቢት ማበጥ ብቻ ይታይባቸዋል።

መድኃኒቱ ግን አንድ አይደለም። የባክቴሪያውን ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ያክመዋል፤ ለፈንገሱ ግን ሴፍትሪያክሶን ምንም አያደርግም። የቲቢው ሕክምና ብዙውን ጊዜ እስከ 12 ወር ይዘልቃል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ ዴክሳሜታሶን የተባለው መድኃኒት ነው። ኤች አይ ቪ በሌለባቸው የቲቢ ማጅራት ገትር ታማሚዎች ሞትን ይቀንሳል። በወባ ምክንያት ራሱን ለሳተ ሰው ግን ጎጂ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1982፣ በክሪፕቶኮከስም እንዲሁ ጎጂ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2016 ታውቋል። አንዱን የሚያድን መድኃኒት ሌላውን ይጎዳል ማለት ነው። ውሃው ሳይታይ የሚሰጥ ሕክምና በጨለማ እንደ መራመድ ነው፤ ሐኪሙ የቻለውን ሁሉ ቢያደርግም።

ክሪፕቶኮከስ ሲሆን ምርመራው ሕክምናም ይሆናል። ፈንገሱ የውሃውን መውጫ ስለሚዘጋ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ይጨምራል። ታማሚው በራስ ምታት ይጮሃል፤ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ሐኪሙ መርፌዋ ላይ ቱቦ ገጥሞ ግፊቱን ይለካል፤ ከ25 ሴንቲ ሜትር ውሃ በላይ ከሆነ ጥቂት ያፈሳል። አንዳንዴ ይህ በየቀኑ ይደገማል። «ትናንት ወስዳችሁ ዛሬ ደግሞ?» የሚል ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ድግግሞሹ የሕክምናው አካል መሆኑን ይረዳል።

ጎንደር ለዚህ ትግል ባዕድ አይደለችም። በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የተቋቋመው ለገጠሩ ሐኪም የሚደርስበትን መንገድ ለመክፈት ነበር። ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒተሪያኖች ከዚያ ወጥተው በየወረዳው ተሰማሩ። እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የሕክምና ትምህርት ቤቱ ተጀመረ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቅ የሪፈር መድረሻ ነው።

ለጎረቤትም የሚተርፍ ውሃ

ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ የሚዘልቀው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ናት። ቀበቶውን እ.ኤ.አ. በ1963 የሰየመው ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔሶኒ ነው። በበጋው፣ አየሩ ሲደርቅና አቧራው ሲነሳ፣ ወረርሽኝ ይጎለብታል። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 አገራችንን የመቱት ወረርሽኞች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳምመዋል።

ብዙዎቻችሁ ወይም ልጆቻችሁ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዙር በተሰጠው ዘመቻ የተከተባችሁት ሜንአፍሪቫክ የተባለውን ክትባት ነው። ክትባቱ የሚከላከለው ኤ የተባለውን የሜኒንጎኮከስ ዓይነት ነው፤ እንዲያውም በቀበቶው አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2017 በኋላ ኤ ዓይነት አልተረጋገጠም። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ሲ፣ ደብሊውና ኤክስ የሚባሉ ዓይነቶች አሁንም አሉ። የትኛው እንደመጣ፣ የትኛው ክትባት መላክ እንዳለበት የሚያሳየው የታማሚዎች ጀርባ ውሃ ነው። አንድ ቤተሰብ ሲፈቅድ ለቀበሌውም መልስ ይገኛል።

የማይወሰድበት ጊዜ

ምርመራው የሚዘገይበት ትክክለኛ ምክንያት አለ። በአንድ ጎን እጅና እግር የሰነፈበት፣ የሚጥለው ተደጋግሞ የሚነሳበት፣ በጥልቅ ራሱን የሳተ ሰው አንጎሉ ውስጥ እብጠት ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ከታች ውሃ ማውጣት አንጎልን ወደ ታች ሊገፋው ስለሚችል መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይፈለጋል። መርፌው በሚገባበት ቦታ ቁስል ካለ ወይም ደም አልረጋ ካለም ይቆያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ሕክምናው አይጠብቅም። የደም ናሙና ተወስዶ አንቲባዮቲኩ ወዲያው ይጀመራል። ውሃው በኋላም ይቀዳል።

መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ሜኒንጎኮከስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከካልቸር ሊጠፋ ይችላል፤ ሕዋሳቱና ስኳሩ ግን ለቀናት መናገራቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ከፋርማሲ ተገዝቶ የተወሰደ ክኒን ካለ አትደብቁ፤ ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱ። «ሰጥተነዋል» ማለት አያስወቅስም፤ ሐኪሙ ውጤቱን በትክክል እንዲያነብ ያስችለዋል።

እኛስ ምን እናድርግ?

ትኩሳት ከከባድ ራስ ምታት፣ ከማስመለስ፣ ከመቃዠት ወይም ከሚጥል መንቀጥቀጥ ጋር ሲመጣ፣ ጤና ጣቢያ መድረስ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ነው። ፀበሉን የሚወድ ፀበሉን ይዞ ይሂድ፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ የጠፋ ሰዓት ግን አይመለስም። ከዳባት ወይም ከአዳርቃይ ወደ ጎንደር ሪፈር ከተጻፈ ውሳኔውን የሚሰጥ የቤተሰቡ ሽማግሌ አብሮ ይሂድ ወይም ስልኩ ክፍት ይሁን።

ሐኪሙ «ውሃ መውሰድ አለብን» ሲል በአክብሮት እነዚህን ጠይቁት፦ «ምን በሽታ ጠርጥረህ ነው?»፣ «አሁን ለመውሰድ የሚከለክል ነገር አለው?»፣ «መድኃኒቱ ተጀምሯል?»፣ «ውጤቱ መቼ ይደርሳል?»። እነዚህን ለመመለስ አምስት ደቂቃ ይበቃል። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ ስለ ሽባ የሚያወራውን ዘመድ ዝም አሰኙትና ፈርሙ። ከዚያ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን አቅፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ሥራውን ይጀምር።